ዶሮ ለልጅ ምን ያስተምራል ላልሽው

የ6 ዓመት ልጅሽ ዶሮዎቹን ካልረዳሁ እያለች አስቸግራሽ፣ ይሄ ነገር ትምህርት አለው ወይስ ትርፉ ጣጣ ነው ብለሽ ጠይቀሻል። ልጆቼን ከዶሮ ጋር ነው ያሳደግኩት፤ አለው እላለሁ።

ሁሉም ሰው "ኃላፊነት" ይልሻል። ልክ ነው፣ ግን ሥራው የራሷ ካልሆነ አይመጣም። "ነይ እርጂኝ" ካልሻት ደስ ሲላት ትመጣለች፣ ካርቱን ካለ ትቀራለች። "ውሃው ያንቺ ነው" በያት። ጠዋት መጠጫውን አጥባ ትሙላ፣ ማታ ትየው። ውሃ የምልሽ ዶሮ የምትጠጣው ከምትበላው በክብደት እጥፍ ያህል ስለሆነና ውሃ ሲጓደል እንቁላሉም ቶሎ ስለሚቀንስ ነው፤ ልጅቷ የሥራዋን ውጤት በዓይኗ ታያለች። አንቺ ግን ሳታውቅብሽ አረጋግጪ፣ ዶሮዎቹ በትምህርት ስም መጠማት የለባቸውም።

ለኔ ዋናው ማስተዋል ነው። ዶሮ አሞኛል አትልም፣ እንዲያውም ሕመሟን ትደብቃለች። አንዴ ትልቁ ልጄ "ቀይዋ፣ ሌሎቹ ጥሬ ሲሻሙ ላባዋን ነፍታ ጥግ ቆማለች" ብሎ መጣ። እኔ በዚያው በኩል አልፌ ምንም አላየሁም። ለይተን አቆየናት፣ ቀስ በቀስ አገገመች። ዛሬ ቤት ውስጥ ታናሹ ሲከፋው ቀድሞ የሚያስተውለው እሱ ነው። ከዶሮ ይምጣ ከዕድሜ፣ እንጃ።

የታቀፈች ዶሮ ካለሽማ ዕድለኛ ነሽ። ጫጩት ለመፈልፈል 21 ቀን ይፈጃል፤ መጠበቅ ለማይችል ልጅ ረጅም ነው። በሳምንቱ ገደማ ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልክ መብራት ከእንቁላሉ ሥር ስታደርጉ እንደ ክር የቀጠኑ ቀይ የደም ሥሮች ይታያሉ። አይታችሁ ቶሎ መልሱት፣ እንዳይቀዘቅዝ። "ያለ አውራ ዶሮ ለምን አይፈለፈልም?" የሚለው ጥያቄም መምጣቱ አይቀርምና መልስሽን ከአሁኑ አዘጋጂ።

ዶሮ ከሞተች ደግሞ "ጠፋች" አትበያት። ሞተች በያት። ታለቅሳለች፣ ታልቅስ።

ንጽሕናው ላይ ግን ድርድር የለም። ጤነኛ የምትመስል ዶሮም ሳልሞኔላ የሚባለውን ሆድ የሚያሳምም ጀርም ልትይዝ ትችላለች፤ ስለዚህ ነክታ ስትወጣ እጇን በሳሙና ትታጠብ፣ ጫጩት መሳም የለም፣ የዶሮ ቤት ጫማም ቤት አይገባ። ከ5 ዓመት በታች የሆነ ታናሽ ካላት እሱ ከሩቅ ይይ፣ አይንካ። ኃይለኛ አውራ ዶሮ ካለሽም ብቻዋን አታስገቢያት፤ ሲዘል በሷ ቁመት ጥፍሩ ፊቷ ላይ ነው የሚያርፈው።