ቅስናው ይቅደም ወይስ ሠርጉ?

ጥያቄ፦ ልጃችን ዲያቆን ነው፤ እጮኛም አለችው። የምንኖረው ውጭ አገር ሲሆን በአጥቢያችን ያሉት ቄስ አንድ ብቻ ናቸው። ሰዉ «ቶሎ ይቀስስና ያግዛቸው፤ ሠርጉ ገንዘብ ሲገኝ ይደርሳል» ይላል። ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዲያቆን መጀመሪያ ያገባል፣ ከዚያ ይቀስሳል። ከቀሰሰ በኋላ ማግባት የለም፤ ሳያገባ መቅሰስ የሚፈልግ መንገዱ ምንኩስና ነው።

ደግሞም ተክሊል (በቤተ ክርስቲያን የሚፈጸመው የጋብቻ ሥርዓት) ድግስ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሁለቱን ድንግልና፣ የንስሐ አባት ምስክርነትንና በዕለቱ አብሮ መቁረብን ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ለመኖሪያ ፈቃድ ሲሉ ማዘጋጃ ቤት ይፈራረሙና «ተክሊሉ ይደርሳል» ብለው አብረው መኖር ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ዲቁናው ይፈርሳል፣ ቅስናውም አብሮ ይቀራል። መፈራረሙ ግድ ከሆነ እስከ ተክሊሉ ድረስ ተለያይተው ይቆዩ።

ከተክሊሉ በኋላ ልጁ የዲቁና ማስረጃውንና የአጥቢያውን የምስክርነት ደብዳቤ ይዞ ወደ ሀገረ ስብከቱ ይሄዳል። የሚሾመው በጳጳስ እጅ ብቻ ነው። ቄስ ያጠምቃል፣ ይናዝዛል፣ ያቈርባል፤ ሌላ ቄስ መሾምና ሜሮን (ቅዱሱን ቅባት) ማክበር ግን የጳጳስ ነው።

አንድ ነገር እጮኛዋም ከአሁኑ ትወቅ። ቄስ ሚስቱ ብትሞትበት ሌላ አያገባም፤ ካገባ ክህነቱ ይቀራል። «የአንዲት ሚስት ባል» የሚለው የጳውሎስ ቃል (1ኛ ጢሞ. 3፥2) በእኛ ዘንድ የሚጠበቀው እንዲህ ነው። ይህን ሳይነግሩ መዳር ልጅቷን መበደል ነው።

ጥያቄ (ከሌላ ጠያቂ)፦ ባለፈው እሑድ ሦስት ዲያቆናት ነበሩ፤ አንዱ ቄስ ታመው ቀሩና ቅዳሴ ሳይኖር ተመለስን። ሌላ ቄስ እዚያው ቆመው ነበር። ለምን አልገቡም?

መልስ፦ ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን (ቀዳሾች) ይፈልጋል፦ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። ሠራዒው (ዋናው) ካህን ሥጋውን ያቀብላል፣ ሠራዒው ዲያቆን ደሙን፤ ንፍቆቹ (ረዳቶቹ) ያግዟቸዋል፣ አምስተኛው መብራት ይይዛል። ዲያቆን ቢተርፍም የቄስን ቦታ አይሸፍንም፤ መባረክና መናዘዝ አልተሰጠውምና።

የቆሙት ቄስ ምናልባት ማታ እራት በልተው ይሆናል። ልዑካን እንደ ቈራቢው 18 ሰዓት ይጾማሉ፦ ቍርባኑ ጠዋት በ3 ሰዓት ከሆነ የመጨረሻው ምግብ በዋዜማው ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ነው። ስለዚህ ጠዋት ላይ ተተኪ መፈለግ አያዋጣም። ቅዳሜ ከምሳ በፊት ለአንድ ተጠባባቂ ቄስ ነግሮ ጾሞ እንዲያድር ማድረግ ነው የሚያዋጣው።