90 ሺህ ሰው አይቶት አንድ ሰው ገዛው

ሰሞኑን የላካችሁልኝ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፣ ሶሻል ሚዲያን ተማምነን እንጀራ እንብላ ወይ ነው።

*ጋሼ፣ ደሴ ፒያሳ ስዕል እሸጣለሁ። ስስል የሚያሳይ ቪዲዮዬን ቲክቶክ ላይ 90 ሺህ ሰው አየው፣ በወሩ የተሸጠው ግን አንድ ስዕል ነው። ምን አጠፋሁ?*

አብሽሪ እህቴ፣ ያየው ሁሉ ገዢ አይደለም፣ ግማሹ ምሳ እስኪመጣለት ጣቱን እያንሸራተተ ነው ያለፈሽ። እኔ የምጠይቅሽ የዛ የገዛሽ ሰውዬ ስልክ አለሽ ወይ? ከሌለሽ ጥፋትሽ እሱ ነው። ኮምቦልቻ አንድ ፎቶ አንሺ አውቃለሁ፣ ፎቶ አጥቦ ሲሰጥ ጀርባው ላይ የስልኩን ማህተም ይመታል፣ ደግሞ ሰማያዊ ደብተር አለችው የሙሽሮቹን ስም፣ ስልክና የሰርጉን ቀን የሚፅፍባት፣ ዓመት ሲሞላ ደውሎ እንኳን አደረሳችሁ ይላል፣ በቃ ልጅ ሲወለድ ክርስትናም ሆነ አቂቃ የሚጠራው እሱ ነው። ቲክቶክም አለው ግን ብዙም አይነካው።

*ከሐይቅ ነኝ፣ ክራር እጫወታለሁ። ጓደኞቼ ባቲና አምባሰሉን ተወው፣ 30 ሰከንድ የሚያስቅ ነገር ስራ ይሉኛል።*

ኧረ ባክህ! ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝት የሁለቱ ስም የኛው የወሎ አገር ስም ነው፣ አንተ ደግሞ አምባሰል አፍንጫህ ስር ሆነህ ልትተወው? አጭሩን ለማስቀመሻ ልቀቀው፣ ሙሉው ዩቲዩብ ላይ ይቀመጥ። ዩቲዩብ የማስታወቂያ ገንዘብ ለማካፈል 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር 4,000 ሰዓት እይታ ይፈልጋል፣ ሾርትስ (የዩቲዩብ አጭር ቪዲዮ) ላይ የታየህበት እዛ ሰዓት ውስጥ አይገባም፣ በሾርትስ ልግባ ካልክ በ90 ቀን 10 ሚሊዮን እይታ ነው። እስኪሞላ ግን የሚያበላህ ሰርግ ነውና ቪዲዮው ላይ ስልክህን ፃፍ።

*ከወልድያ። ግጥም እፅፋለሁ፣ ሰለቸኝ፣ ሁሉንም ዘግቼ ልውጣ?*

አትውጣ፣ ግን እሱ ላይ ብቻ አትንጠልጠል። የካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ተገድበው 5 ወር ገደማ በቪፒኤን ስንጎተት ከረምን፣ ተከፈተ ብለን ሳንጨርስ እኛ ጋ የሞባይል ዳታው ራሱ ጠፋ። ያኔ ስልክ በደብተር የያዘ መስመር ባገኘ ቁጥር እየደወለ ሰራ፣ ፎሎወር ብቻ የነበረው ቁጭ አለ። ግጥምህን የሚወዱ 30 ሰዎች አታጣም፣ ስልካቸውን ያዝና ሻይ ቤትም ቢሆን ሰብስበህ አንብብላቸው።

*እርስዎስ የተጠለፈውን ፔጅ አስመለሱት?*

አላስመለስኩትም። የጠለፈው ሰውዬ 11 ሺህ ተከታዬን ይዞ ሄዶ አሁን በኔ ፎቶ ጫማ ይሸጥበታል፣ ዋጋው ራሱ ውድ ነው።