ለእያንዳንዱ ክፍል ሌላ መጽሐፍ አያስፈልግም

እህቴ፣ የ2ኛና የ7ኛ ክፍል ልጆችሽን ጅማ ላይ ቤት ውስጥ ለማስተማር ለየክፍላቸው የተለያየ መጽሐፍ ልግዛ ወይ ብለሻል። ተይው፣ ብርሽን አታባክኚ። ሒሳብና ቋንቋን ለየብቻ፣ ታሪክና ሳይንስን ግን አብረው ይስሙ።

እንግሊዛዊቷ መምህርት ሻርሎት ሜሰን (1842–1923 እ.ኤ.አ.) ትታልን ያለፈችው ዘዴ ቀላል ነው። ጉዳዩን የሚወድ ሰው የጻፈውን መጽሐፍ አንዴ ብቻ ታነቢላቸዋለሽ፤ እነሱ የሰሙትን በራሳቸው አባባል ይተርካሉ። ትንሹ በአፉ ያውራ፣ ትልቋ ትጻፍ። ለትንሹ ከ20 ደቂቃ አይለፍ። ከዚያ በኋላ ቁጭ ይላል እንጂ ልቡ ውጭ ነው።

ስለ ጅማው ንጉሥ ስለ ዳግማዊ አባ ጅፋር ስታነቡ ቤተ መንግሥቱ ወዳለበት ወደ ጅሬን ውጡ። የቤተ መንግሥቱን የእንጨት በረንዳ አይተው ሲመለሱ ትረካቸው ሌላ ይሆናል። ቡናም ደጃችሁ ነው፤ አበባውን ስለው ቀኑን ይጻፉበት፣ ፍሬው ሲቀላ ደግሞ ይሳሉት።

ቤተ መጻሕፍት ስትገቢ ከመምረጥሽ በፊት አንድ ገጽ ለልጁ ዝቅ ባለ ድምፅ አንብቢለት። «ከዚያስ?» ካላለ ወደ መደርደሪያው መልሺው። መዋስ ካልተቻለ እዚያው አንብባችሁ፣ ትረካውን እቤት ጻፉ።

የመንግሥትን መማሪያ መጽሐፍ ግን እንዳትጥዪ። ትልቋ የ8ኛ ክፍል ፈተና ይጠብቃታል።