መልስ፦ ከጠገራ ብር ሽያጭ የድካምሽ ዋጋ ስንት ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። የአጎትሽ ልጅ ጠገራ ብር፣ ማለትም የድሮውን የማርያ ትሬዛ የብር ሳንቲም፣ በራሱ ገንዘብ ይገዛል፤ አንቺ እዚያው ዋሽንግተን ፎቶ አንስተሽ፣ መግለጫ ጽፈሽ፣ አሽገሽ በኢቤይ (በኢንተርኔት መገበያያው) ትሸጫለሽ፤ እሱ ደግሞ «ከትርፉ 10 በመቶ ይበቃሻል» አለሽ። አይበቃም።

መጀመሪያ ትርፍ የምትሉትን ለዩ። በ60 ዶላር የተገዛ ብር በ100 ተሸጠ እንበል። ኢቤይ 13 ገደማ ይቆርጣል፣ ፖስታና ማሸጊያ 7 ይሁን። የቀረው 20 ነው። ከዚህ 10 በመቶ ማለት 2 ዶላር!

ሥራሽ ደግሞ ቀላል አይደለም። እነዚህ ብሮች ላይ የተጻፈው ዓመት ሁሌም ማለት ይቻላል 1780 ነው፣ ግን አብዛኞቹ ከዚያ በኋላ በተለያዩ አገሮች የተመቱ ስለሆኑ፣ የሚያውቅ ገዢ የትኛው የት እንደተመታ ለመለየት የንግሥቲቱን የማርያ ትሬዛን የትከሻ ጌጥ፣ የንስሩን የጅራት ላባ፣ ጠርዙ ላይ ያለውን የላቲን ጽሑፍ ሳይቀር አጉልቶ ማየት ይፈልጋል። መብራት ሥር እያገላበጥሽ ያን ጥርት አድርገሽ የምታነሺው አንቺ ነሽ። (በነገራችን ላይ ብሩን ፈትጋችሁ እንዳታጥቡት፣ ዋጋው ይወርዳል።)

እኔ ብሆን ለእያንዳንዱ ብር ቁርጥ ያለ የእጅ ዋጋ፣ 8 ዶላር በይው፣ ከወጪ ጋር አስቆጥራለሁ። የሚከፈልሽም ሲሸጥ ሳይሆን ስትለጥፊው ነው። ከቀረው 12 ዶላር ሁለት ሦስተኛው ለእሱ ይሁን፤ ገንዘቡ የሱ ነው፣ ሳይሸጥ ቢቀርም የሚከስረው እሱ ነው። አንድ ሦስተኛው ያንቺ። ዘመድ ነው ብለሽ አትፈሪ፣ ዛሬውኑ በጽሑፍ አድርጉት።