መድኃኒቱን ጉሮሮዋ ውስጥ እንዳታንቆረቁሪባት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። «ዶሮዬ ስትተነፍስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ አላት፤ አንዳንዴም አንገቷን ዘርግታ አፏን ትከፍታለች፤ ምን ልስጣት?» ነው ያልሽው። የመለሱልሽንም አየሁ። አንዱ ዘይት ይላል፣ አንዱ ማር፣ አንዱ ደግሞ ከሰው የተረፈ አንቲባዮቲክ። ሁሉም የሚስማሙበት «አፏን ከፍተሽ አንቆርቁሪላት» በሚለው ነው። በእናትሽ፣ እሱን እንዳታደርጊ።

ስለ ንጹሕ ውኃና ስለ መኖ አልነግርሽም። ለዶሮዋ ስም ያወጣች ሰው እሱ አይጠፋትም። የእኔም ዶሮ፣ ቀዮ፣ ልክ እንደ አንቺዋ ነው የጀመራት፤ ስለዚህ እሷን እያሰብኩ ነው የምነግርሽ።

1. ምንም ዓይነት ፈሳሽ አፏ ውስጥ አታፍስሺ። አሁን ብዙ ካልተጣጣረች፣ ብርሃን ባለበት ቦታ ምንቃሯን ቀስ ብለሽ ክፈቺና እዪ። ከምላሷ ሥር፣ መሐል ላይ፣ ትንሽዬ ስንጥቅ አለች። በየትንፋሿ ከፈት ገጠም ትላለች። የአየር ቧንቧዋ በር እሷ ናት። እኛ ስንውጥ ቧንቧውን የሚሸፍንልን ክዳን አለን፤ ዶሮ የላትም። ጤነኛ ስትሆን፣ ስትውጥ ስንጥቋን ራሷ ትገጥማታለች። አየር ያጠራት ዶሮ ግን የምታስበው ስለ ትንፋሿ ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት በስሪንጅ የተገፋ ነገር ቀጥታ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ይህን የተማርኩት አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም። ገና በር ላይ ካርድ የምታወጣው ልጅ ካርቶኑን ከፍታ «ለዶሮ ነው እንዴ?» አለችና ጓደኛዋን ጠርታ አሳየቻት። ተሳሳቁ። ውሻ ይዞ የመጣ ሁሉ እየገባ እኛ ቁጭ አልን። ዝም አልኩ፤ በሽተኛ የያዘ ሰው ምን አቅም አለው። ተራችን ሲደርስ ሐኪሙ የለም፤ ያለው ረዳቱ ነው። ልጁ ቀዮን ደረቷን ጨምድዶ ያዛት፣ ጠረጴዛው ላይ በጀርባዋ አጋደማት፣ ስሪንጁን ጉሮሮዋ ድረስ ከተተና ገፋው።

ሮዝ ፈሳሹ በአፍንጫዋ ቀዳዳዎች አረፋ ሆኖ ወጣ። ራሷ ላይ ያለው ቀዩ ሥጋ መጀመሪያ ጫፉ ጠቆረ፣ ከዚያ መላው ወይን ጠጅ ሆነ። «ልቀቃት!» ብዬ ከእጁ ነጠቅኳት። በእግሯ አቁሜ ወደ ፊት ዘንበል አደረግኳት። አስነጠሰች፣ ተንዘፈዘፈች፣ ቀለሟ ቀስ እያለ ተመለሰ። ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ድሮም ደካማ ናት።» ሒሳቡን ግን ሙሉውን ተቀበሉኝ።

ፈሳሹ ብቻ አይደለም ጥፋቱ። ዶሮ እንደኛ ድያፍራም፣ ማለትም ደረትን ከሆድ የሚለየውና አየር የሚስብልን ጡንቻ፣ የላትም። ሳንባዋም እንደ ፊኛ አይነፋም፣ ከጎድን አጥንቷ ጋር ተጣብቆ ነው የሚኖረው። አየሩን የሚስቡላትና የሚገፉላት የአየር ከረጢቶች ናቸው፤ እነሱ የሚሠሩት ደግሞ የደረቷ አጥንት ወጣ ገባ ሲል ነው። ደረቷን አጥብቆ የያዛት ሰው አፍንጫዋን ሳይነካ ሊያፍናት ይችላል። በጀርባዋ ስትጋደም ደግሞ የሆድ ዕቃዋ ክብደት ከረጢቶቹ ላይ ያርፋል። የዶሮ በሽታ ያየ ሰው ይህን አያውቅም ብለሽ አታስቢም፤ የማያውቅ ግን አለ፤ ስለዚህ ክሊኒክ ስትሄጂ ቀድመሽ ተናገሪ። ቢቆጡሽም ይቆጡ።

2. «ታዲያ መድኃኒቱን እንዴት ልስጣት?» ትዪኝ ይሆናል። ክንፎቿን ሰብስበሽ በፎጣ ጠቅልያት፤ ደረቷ ጋ ላላ ይበል። ጭንሽ ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጥ። ከምንቃሯ ጎን፣ ላይኛውና ታችኛው የሚገጥሙበት መስመር ላይ፣ አንድ ጠብታ አድርጊ። ጠብታዋ ራሷ ወደ ውስጥ ትሳባለች። ምላሷን ስታንቀሳቅስ ታያለሽ፣ ከዚያ ትውጣለች። ከዚያ ሌላ ጠብታ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽሽም። ሐኪሙ ከፈቀደ ትንሽ መኖ ላይ ለውሶ መስጠት ይቀላል። ቀዮ አሁን ስሪንጁን ሳነሳ ራሷ አንገቷን ታቀርባለች። ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ ሳሳየው ይገረማል፤ እኔም ማሳየቱን አልተውኩም።

3. የትኛው መድኃኒት የሚለው ላይ ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። ማታ ቆጥ ላይ ስትሆን ጆሮሽን አስጠግተሽ ስሚ። እንደ ማንኮራፋት ያለ እርጥብ ድምፅ ካለ፣ ከዐይኗ ጥግ ደግሞ አረፋ የሚመስል ነገር ካለ፣ ብዙ ጊዜ ማይኮፕላዝማ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። የቀዮም እሱ ነበር፤ የአንቺዋም ይመስለኛል። ማይኮፕላዝማ እንደ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች የሕዋስ ግድግዳ የለውም። ፔኒሲሊንና አሞክሳሲሊን የሚመቱት ደግሞ ያንን ግድግዳ ነው። የሌለ ግድግዳ አይፈርስም! ያ ልጅ አንቆርቁሮ ሊገድላት የነበረው መድኃኒት አሞክሳሲሊን መሆኑን ኋላ ላይ ከብልቃጡ አነበብኩ። እስካሁን ያናድደኛል።

በኋላ ያገኘናት ሐኪም ታይሎሲን የሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ አዘዘችላት። ዶክሲሳይክሊንም ለዚህ ይሰጣል። መጠኑ በክብደቷ ስለሆነ የእኔን አልነግርሽም፤ አስመዝኛትና ሐኪም ይንገርሽ። እንቁላሏ እስከ መቼ እንደማይበላም ጠይቂ፤ ካልጠየቅሽ ማንም አይነግርሽም። ደግሞ ተሻላት ማለት ለቀቃት ማለት አይደለም። ማይኮፕላዝማ አንዴ የያዛት ዶሮ ተሸክማው ትኖራለች፣ በእንቁላሏም ወደ ጫጩት ታስተላልፋለች። ስለዚህ ከእሷ ጫጩት አታስፈልፍዪ። አዲስ ዶሮ ካመጣሽ ደግሞ ቢያንስ 30 ቀን ለብቻ አቆያት።

ፊቷ አብጦ ከአፍንጫዋ የሚሸት ፈሳሽ ከወጣ ግን ሌላ በሽታ ነው፤ ኮራይዛ ይባላል። አፏ ውስጥ ቢጫ ቅርፊት ካየሽ የዶሮ ፈንጣጣ ሊሆን ይችላል፤ እንዳትልጪው፣ ይደማል። ያለ ምንም ድምፅ ዝም ብላ አፏን የምትከፍት ከሆነና ቀኑ ሞቃት ከሆነ፣ ክንፏንም ከገላዋ ካራቀች፣ ምናልባት ሙቀት ብቻ ነው። ዶሮ ላብ የላትም፤ የምትቀዘቅዘው በማለክለክ ነው።

4. ቤቷን አሽትቺ። ቆመሽ ሳይሆን ተንበርክከሽ፣ ራስሽን እሷ በምትተኛበት ቁመት አድርገሽ፣ ጠዋት በሩ ሳይከፈት። ዐይንሽን ካቃጠለሽ እሷ ሌሊቱን ሙሉ እሱን ስትስብ ነው ያደረችው። ከኩሷ የሚወጣው አሞኒያ የአየር ቧንቧዋን የሚጠርጉትን ጥቃቅን ፀጉሮች ያበላሻቸዋል፤ ከዚያ ጀርሙ እንደ ልቡ ይገባል። የዶሮ አርቢዎች መመሪያ ከ25 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 25 እጅ) አይለፍ ይላል፤ መለኪያ ስለሌለሽ አፍንጫሽ ይበቃል። ጉዝጓዙ ሻግቶ ከሆነ የባሰ ነው። የሻጋታ በሽታ ሳንባዋ ውስጥ ሲገባ አንቲባዮቲክ አይነካውም። «በባሕር ዛፍ እጠኛት» ያለሽን ሰው ደግሞ አመስግነሽ እለፊው፤ የተቆጣ ሳንባ ላይ ጭስ አይጨመርም።

ቤት ካስገባሻት ከነፋስ የተጠበቀ፣ ሞቅ ያለ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ስጫት። ኩሽና ግን አይሆንም። የማያጣብቅ ልባስ ያለው መጥበሻ ባዶውን ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጢስ ወፍን በደቂቃዎች ይገድላል፤ ዶሮም ወፍ ናት።

5. ደም ካሳለች፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ከያዛት፣ አንገቷ ከተጠማዘዘ ወይም ሌሎቹ ዶሮዎች በድንገት መሞት ከጀመሩ ይህን ሁሉ ተይው። ፈንግል፣ የወፍ ጉንፋን ወይም ሌላ ክፉ ተላላፊ በሽታ ሊሆን ይችላል። ወደ ክሊኒክ እንኳ ይዘሻት አትውጪ፣ ሌላ ቦታ ታዳርሻለሽ። ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውዪና እነሱ ይምጡ። እጅሽን ታጠቢ፣ ፊትሽንም ከእሷ አርቂ።

ዛሬውኑ የዐይኗን ጥግ በቅርብ አንስተሽ ለጥፊልን። ማታም ድምፅዋን በስልክሽ ቅጂው፤ ሐኪም ጋ ስትደርሺ ዝም ልትል ትችላለችና ቅጂው ይረዳሻል። ደግሞ አንድ ነገር ሳትነግሪን ነው የጠየቅሽው፤ ጉዝጓዟ ሰጋቱራ ነው ወይስ ጭድ? መቼ ነው የቀየርሽው?