ብድሩን አትቀበዪ

«የስፖርት ሳይንስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የፍጥነትና የቅልጥፍና አሰልጣኝ መሆን እፈልጋለሁ። አጎቴ ትምህርቱን ተዪውና የራስሽን ሥራ ጀምሪ፣ የዕቃ መግዣውን አበድርሻለሁ ይሉኛል። አባቴ ደግሞ ልጆች ማሯሯጥ ምን ሥራ ነው ይላል» ብለሽ የጻፍሽልኝ እህቴ፣

የአባትሽን ነገር ጊዜ ይፈታዋል። አትከራከሪው።

የአጎትሽን ብድር ግን አትቀበዪ። እሳቸው በቅንነት እንዳሰቡት አልጠራጠርም። ግን ዕዳ ያለበት አሰልጣኝ ወላጅ ደስ የሚለውን ነገር መሸጥ ይጀምራል። ወላጅን ደስ የሚለው ደግሞ ላብ ነው።

ፍጥነት በላብ አይመጣም። ባልደከመ ሰውነት ነው የሚሠራው። 20 ሜትር በሙሉ ኃይሉ የሮጠ ልጅ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆሞ ማረፍ አለበት። ሳያርፍ ከደጋገመው የሚያዳብረው ጽናቱን ነው። ዳር ቆሞ የሚያይ ከፋይ ግን «ልጄን አቁማ ታውለዋለች» ይላል። ወር ሲደርስ የምትከፍይው ዕዳ ካለብሽ ይህን ንግግር መቋቋም ይከብድሻል።

ልትገዢ ያሰብሽውን ዝርዝርም አየሁት። መሬት ላይ የሚዘረጋ መሰላል፣ ኮን፣ ሯጩ ከኋላው የሚጎትተው ፓራሹት። መሰላሉ ለማሟሟቂያ ጥሩ ነው፤ ቪዲዮም ያምርበታል። ግን ልጁ የሚረግጠውን አስቀድሞ ያውቀዋል። ጨዋታ ላይ ተከላካዩ ወዴት እንዳጋደለ ማየት አለበት፤ ወስኖ፣ ፍሬን ይዞ፣ በሌላ በኩል መፈትለክ አለበት። ሁለት ልጆችን ፊት ለፊት አቁመሽ አንዱ ሌላውን እንዲያመልጥ ብታደርጊ ይህን ሁሉ ታሠሪያቸዋለሽ። ዋጋው ባዶ ሜዳ ነው።

ፍሬን አያያዙን በደንብ ተማሪ። የጉልበት የፊት መስቀለኛ ጅማት (ACL) አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ማንም ሳይነካው፣ ተጫዋቹ ድንገት ሲቆም ወይም ሲታጠፍ ነው። ሲቆም ዳሌው ዝቅ ይላል ወይስ ቀጥ ብሎ ይቀራል? ጉልበቱ ወደ ውስጥ ያጋድላል? እኔ ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት የታዳጊ ቡድን ረዳት አሰልጣኝ ነበርኩ። ይህን ማየት የለመድኩት ከዋናው አሰልጣኝ ጎን ቆሜ ነው።

አንቺም ዲግሪሽን ሳትለቂ አንድ የታዳጊ ቡድን ፈልጊ። ክፍያው ትንሽ ቢሆንም ግቢ። የማሟሟቂያውን 15 ደቂቃ ስጡኝ በያቸው። የእያንዳንዱን ልጅ የ10 እና የ30 ሜትር ሰዓት መዝግቢ፤ ከስምንት ሳምንት በኋላ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ጫማ ድገሚው። በስቶፕዎች አትተማመኚ፤ በ10 ሜትር ላይ የአንድ አስረኛ ሰከንድ ልዩነት የጣትሽ መዘግየት ሊሆን ይችላል። በስልክሽ ቅረጪና ምስል በምስል ቁጠሪ። ስለ ሲቪሽ ጠይቀሽኛል፤ ይህ መዝገብ ከላይ ይቀመጥ።

ልትወስጂው ያሰብሽው የኦንላይን ሰርተፊኬት ይቆይ። ዕውቅና ካላቸው የአሰልጣኝነት ፈተናዎች አንዳንዶቹ ራሳቸው ዲግሪ ይጠይቃሉ፤ አጎትሽ ትምህርቱን ተዪው ሲሉሽ ይህን ንገሪያቸው።