የአንባቢያን ጥያቄ፦ የድኅረ ምረቃ ማመልከቻና አሲስታንትሺፕ

ጥያቄ፦ በኬሚስትሪ በ3.4 ተመርቄ እዚሁ ድሬዳዋ ሁለተኛ ደረጃ አስተምራለሁ። አሜሪካ ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ፤ የምከፍለው ግን የለኝም። አሲስታንትሺፕ እንዴት ይገኛል? ማመልከቻው ለብቻው ነው?
መ.፣ ከሳቢያን

መልስ፦ የድሬ ልጅ ነህና አንቱታውን ትተነዋል።

«ማስተርስ» ያልከውን እንደገና አስብበት። እዚያ አገር በኬሚስትሪ ገንዘቡ ያለው ፒኤችዲው ላይ ነው፤ በመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ማመልከት ይቻላል። ማስተርስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከፋዩ ተማሪው ራሱ ነው። ፒኤችዲ ተማሪው ግን የአንደኛ ዓመት ላብራቶሪ ይመራል፣ ሪፖርት ያርማል፤ በምላሹ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለታል፣ የወር ደመወዝም ያገኛል፤ አሲስታንትሺፕ የሚባለው ይኸው ነው። ስለዚህ የማስተማር ሥራህ ትልቁ ካርድህ ነው። «ልምድ አለኝ» ብለህ አትለፈው፤ ስንት ክፍል፣ በክፍል ስንት ተማሪ፣ በአንድ ቢውሬት ለስድሳ ልጅ ታይትሬሽን እንዴት እንዳሳየህ ጻፍ።

አሲስታንትሺፕ የተለየ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ቅጹ ላይ ለአሲስታንትሺፕ መታሰብ ትፈልግ እንደሆነ የሚጠይቅ ሳጥን አለ፤ እሱን ሳይነኩ የሚልኩ አሉ። ለፕሮፌሰሮች ኢሜይል ማዥጎድጎዱን ተወው፤ በኬሚስትሪ ብዙ ቦታ አማካሪ የሚመረጠው ከገቡ በኋላ ነው። ኢንጂነሪንግ ቢሆን ሌላ ነገር እንመክርህ ነበር።

ቀኑን ተጠንቀቅ። ብዙዎቹ የሚዘጉት ከዲሴምበር 1 እስከ ጃንዋሪ 15 ባለው ጊዜ ነው። ዲሴምበር 1 ማለት ኅዳር 22 ገደማ ነው፤ «ዲሴምበር ታኅሣሥ ነው» ብሎ ታኅሣሥ 1ን የጠበቀ ሰው በሩ ከተዘጋ ዘጠኝ ቀን አልፎታል።

ስምህስ? «መሐመድ» ትራንስክሪፕትህ ላይ በአንድ «ኤም»፣ ፓስፖርትህ ላይ በሁለት ከተጻፈ ሰነዶቹ የሁለት ሰው ይመስላሉ። ለቶፍል (ለእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናው) ስትመዘገብ የፓስፖርቱን ፊደል ያዝ። የቶፍል ውጤት የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው፤ ላብ ለሚያስተምር ሰው የንግግሩን ክፍል ለብቻው ያዩታል።

ለማመልከት ብዙ ቦታ ስካን የተደረገ የትራንስክሪፕት ስቱደንት ኮፒ ይበቃል፤ ኦፊሻሉ የሚጠየቀው ከተቀበሉህ በኋላ ነው። የኮስት ሼሪንግ ዕዳህን ግን ከአሁኑ ጨርስ፤ ሬጅስትራር የሚይዝህ እዚያ ላይ ነው። የማመልከቻውን ክፍያ እንዲተዉልህ የምትጠይቀው ሰብሚት ከመጫንህ በፊት ነው፤ የተከፈለ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ተቀብለውኛል፤ ደብዳቤው ስለ ገንዘብ ምንም አይልም። እሺ ልበል?
ሀ.፣ ከሐረር፣ ጀጎል

መልስ፦ አትቸኩዪ። መግባትና ገንዘብ ሁለት ውሳኔ ናቸው። ለክፍሉ የድኅረ ምረቃ አስተባባሪ ጽፈሽ የአሲስታንትሺፕ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ እንዳለሽ ጠይቂ። የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤትን ስምምነት የፈረሙ ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ ለሰጡት ተማሪ እስከ ኤፕሪል 15 (ሚያዝያ 7) የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣሉ፤ በዚያ ሰሞን ሌላው እምቢ ሲል ቦታ ይለቀቃል። የገንዘብ ማስረጃ ከሌለሽ አይ-20 (ዩኒቨርሲቲው ለተማሪ ቪዛ የሚሰጠውን ቅጽ) አይሰጡሽም፤ የአሲስታንትሺፕ ደብዳቤ ግን እንደ ማስረጃ ይያዛል።

ደብዳቤው ሲመጣ ደመወዙ የ9 ወር ነው የ12፣ የጤና መድንና ልዩ ልዩ ክፍያዎችን ማን ይሸፍናል፣ ለስንት ዓመት ነው የሚለውን እይ። ሥራው በሳምንት ከ20 ሰዓት አይበልጥም፤ ትምህርት ባለበት ጊዜ የኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛም ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ለሴቪስ (ለአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መዝገብ) 350 ዶላር ከራስሽ ይወጣል። ኦገስት ላይ ደርሰሽ የመጀመሪያው ደመወዝ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ሊቆይ ስለሚችል የቤት ኪራዩንና የቀለቡን ከዚሁ አስቢበት።